በወይራ ሀገር ብስክሌት ልትነዱ ስትመጡ እነዚህን ስህተቶች ተዉልኝ

በደቡብ ስፔን ከማላጋ ወደ ሰሜን ወጥታችሁ አንቴኬራን ስታልፉ መሬቱ በአንዴ ይከፈታል። ከዚያ በኋላ ወይራ ነው። በግራ ወይራ፣ በቀኝ ወይራ፣ ኮረብታው ላይም ወይራ። መሃሉ ላይ ፉዌንቴ ዴ ፒዬድራ የሚባል ጨዋማ ሐይቅ ተኝቷል። ስፋቱ 1,400 ሄክታር ገደማ ነው። ወንዝ ሆኖ የሚወጣ ውሃ የለውም። በብርዱ ወራት ዝናቡ ይሞላዋል፣ በበጋ ፀሐይ ትጠጣዋለች። ዙሪያውን ትናንሽ ከተሞች አሉ፦ ኡሚያዴሮ፣ ሞዪና፣ ካምፒዮስ፣ ሲዬራ ዴ ዬጓስ። የሚያገናኟቸው መንገዶች ጠባብ ናቸው፣ መኪናም አይበዛባቸውም። ለኮርስ ብስክሌት ተብለው የተሠሩ ይመስላሉ።

አልተሠሩም። መንገዱ የወይራ ነው። ገበሬው ፍሬውን ከማሳ ወደ ዘይት መጭመቂያ የሚያደርስበት የሥራ ቦታ ነው። እኛ በመሃል የምናልፍ ነን። ይህን ያልገባው ሰው እዚህ የሚሠራቸውን ስህተቶች ሳይ ከርሜያለሁ። እንግዳ በመጣ ቁጥር ያንኑ ነገር ከመድገም አንዴ ጽፌው ብገላገል ይሻላል ብዬ ነው።

መንገድ ላይ የወደቀ ወይራን መናቅ

ሌላውን ሁሉ ብትረሱ ይሄን አትርሱ።

ለቀማው ከኦክቶበር መጨረሻ ይጀምርና እስከ ጃንዋሪ፣ አንዳንዴም እስከ ፌብሩዋሪ ይዘልቃል። በእነዚህ ወራት ከየማሳው ትራክተር ተሳቢ እየጎተተ ይወጣል። ተሳቢው እስከ አፉ ሞልቷል። ትራክተሩ ከፒስታው ወደ አስፋልት ሲወጣ አንዴ ይናጣል፣ ወይራ ይረግፋል። ኩርባ ላይ ያጋድላል፣ ይረግፋል። አደባባይ ሲዞር በውጭ በኩል ይረግፋል። ተከታዩ መኪና ይጨፈልቀዋል። ከዚያ ሌላው። ከ100 ኪሎ ወይራ 20 ኪሎ አካባቢ ዘይት እንደሚወጣ አስቡት። መጭመቂያው የሚሠራውን ሥራ የመኪና ጎማ አስፋልቱ ላይ ጀመረላችሁ ማለት ነው።

ደረቅ ቀን ከሆነ ጥቁር ነጠብጣብ ሆኖ አስፋልቱ ላይ ይደርቃል፤ ብዙም አያስፈራም። ከባድ ዝናብ ከጣለም ቢያንስ የተወሰነውን ያጥበዋል። ጉዱ ያለው ካፊያ ላይ ነው። ወይም ጠዋት ጤዛው ሳይነሳ። ወይም ሐይቁ ካለበት ረባዳ ቦታ የተነሳው ጭጋግ መንገዱን ሲያረጥበው። ዘይቱ፣ የፍሬው ሥጋና ትራክተሩ ከማሳ ይዞት የወጣው ጭቃ ከትንሽ ውሃ ጋር ይቀላቀላሉ። በዚያ ላይ 28 ሚሊ ሜትር ስፋት ባለው ጎማ፣ በ35 ኪሎ ሜትር ፍጥነት፣ ብስክሌታችሁን አጋድላችሁ ትገባላችሁ። ከዚያ በኋላ ያለውን ክርናችሁ ይነግራችኋል።

አንድ ጉልበት ያለው ልጅ ነበር። ዳገት ላይ ማንም አይደርስበትም። ከአንድ መጭመቂያ በር ፊት ለፊት ያለችውን አደባባይ ስንቃረብ «ቀስ!» ብለን ጮህንለት። እጁን አወዛወዘ። «ደርቋል!» ይላል። እውነቱን ነው፣ እኛ የመጣንበት ወገን ደርቆ ነበር። የአደባባዩ ማዶ ግን የሕንፃው ጥላ ስላለበት እንደረጠበ ነው። የፊት ጎማው ሲሄድ አላየነውም። አንዴ ብስክሌቱ ላይ ነበር፣ አንዴ መሬት ላይ። ሱሪው ከዳሌው እስከ ጉልበቱ ተቀደደ፣ የማርሽ መቀየሪያው ተጣመመ። ከሁሉ የገረመኝ ሊነሳ ሲሞክር ጫማው እየተንሸራተተ ሁለቴ ቁጭ ማለቱ ነው። በእግር ሊቆሙበት የማይችሉትን ቦታ ነበር አጋድሎ ሊያልፈው የፈለገው። የመጭመቂያው ሠራተኞች ወጥተው አነሱት። አንዱ ሽማግሌ አስፋልቱን በጫማው እየፈተገ ሳቀ። አዲስ ነገር እንዳልሆነ ያስታውቃል።

ስለዚህ እንዴት ታውቁታላችሁ? መጀመሪያ አፍንጫችሁን እመኑ። መጭመቂያ ሥራ ላይ ከሆነ ሽታው ከሩቅ ይመጣል፤ የተቆረጠ ሣርና የቅጠል ሽታ ያለበት፣ ጉሮሮ የሚይዝ ነገር ነው። ሽታው ከመጣ በመጭመቂያውና በእናንተ መሃል ያለው ኩርባ ሁሉ ተጠርጣሪ ነው። ቀጥሎ ዓይን። አስፋልቱ ላይ ወደ ሐምራዊ የሚያደላ ጥቁር ምልክት ፈልጉ፤ መሃሉ ላይ የተፈረካከሰ ዘር ይታያል፣ ዳሩ ደግሞ በፀሐይ ያብረቀርቃል። አንድ ሁለት ፍሬ ካያችሁ ገና ነው። መንገዱ ጠቁሮ ካያችሁ ደርሳችኋል።

ከደረሳችሁ ደግሞ የምታደርጉት ይሄ ነው። ፍሬን የሚያዘው ቦታው ላይ ሳትደርሱ ነው። ቦታው ላይ ከሆናችሁ በኋላ የፊት ፍሬን የሚባል ነገር እንደሌላችሁ ቁጠሩት። ብስክሌቱን ቀጥ አድርጋችሁ ያዙት። ከመቀመጫው አትነሱ፣ ፔዳሉንም በኃይል አትርገጡ፤ የኋላ ጎማ ባዶውን ይሽከረከራል። ነጩን የመንገድ ቀለም ሽሹት፣ እሱ ለብቻውም ያንሸራትታል። ኩርባው ጠባብ ከሆነ ደግሞ ወርዶ መግፋት ነውር አይደለም። ከኋላችሁ ያለው ሰው ቢስቅ ይሳቅ፣ በሚቀጥለው ኩርባ ይመጣላችኋል።

«እኔ ሰፊ ጎማ አለኝ፣ ዲስክ ፍሬን አለኝ» የሚሉኝ አሉ። ዲስክ ፍሬን ቸርኬውን ነው የሚይዘው። አስፋልቱን የሚይዘው ጎማው ነው። ጎማው ደግሞ ዘይት ላይ ነው። ከዚህ በላይ ምን ልበል?

ካርታው ላይ ሜዳ ስለሆነ ሜዳ ነው ብሎ ማሰብ

ሐይቁ ሜዳ ነው። መንገዱ አይደለም። ወይራው የተተከለው በጉብታ ላይ ነው፤ ትወጣላችሁ፣ ትወርዳላችሁ፣ እንደገና ትወጣላችሁ። አንዳቸውም ረጅም አይደሉም። ችግሩም እሱ ነው። ጀማሪው እያንዳንዷን አጭር ዳገት በከባድ ማርሽ በጉልበቱ ሊደፋት ይፈልጋል። ካምፒዮስ ሲደርስ እግሩ አልቋል፣ መመለሻው ደግሞ ገና ነው። ቀላል ማርሽ አስገቡ፣ ተቀመጡ፣ አውሩ። ማውራት ካቃታችሁ ፈጥናችኋል።

ነፋሱንም አትርሱ። እዚህ ወይራ ዛፍ አጭርና የተራራቀ ስለሆነ ምንም አይከልላችሁም። ጉልበት ሳላችሁ ወደ ነፋሱ ሂዱ፣ ስትመለሱ ይግፋችሁ።

ፀሐይ ዓይን ውስጥ ስትገባ መንዳት

ይሄኛው ያስፈራኛል። ቀልድ የለበትም።

በለቀማ ወቅት ሠራተኞች ጎህ ሲቀድ በሚኒባስና በፒክአፕ ወደ ማሳ ይሄዳሉ። በዚያው ሰዓት የክረምቷ ፀሐይ ዝቅ ብላ ከአድማስ ትወጣለች። ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ የተዘረጋ መንገድ ላይ ሾፌሩ መስታወቱ ላይ የሚያየው ብርሃን ብቻ ነው። መስታወቱ ደግሞ አቧራ ለብሷል። ማታ ሲመለሱም እንደዚያው። ብስክሌተኛው ግን ፀሐይ ከጀርባው ስለሆነች ሁሉም ነገር ጥርት ብሎ ይታየዋል። ጥላው ፊት ፊቱ ረዝሞ ይሄዳል፣ ደስ ብሎታል። የማይታየው እሱ ራሱ ነው።

ደንቡ ቀላል ነው፦ ጥላችሁ ከፊታችሁ በጣም ረዝሞ ከታያችሁ ከፊት የሚመጣው መኪና እናንተን አያይም። ዳር ያዙ፣ መብራት አብሩ። የኋላ መብራት ቀንም ይብራ። ፀሐይዋ ከወጣች አንድ ሰዓት እስኪሞላት ጠብቃችሁ መጀመር ብትችሉ ደግሞ ይሻላል። ቡና ጠጡ። የትም አትሄድባችሁም።

ጭጋግ ካለ ነገሩ ይብሳል። ሕጉም አለ፤ በስፔን ከከተማ ውጭ ሲመሽ ወይም እይታ ሲቀንስ ብስክሌተኛ ከ150 ሜትር የሚታይ አንጸባራቂ ልብስ መልበስና መብራት ማብራት ግዴታው ነው። ከከተማ ውጭ ሄልሜትም ግዴታ ነው። ሾፌሩም ግዴታ አለበት፤ ሲያልፋችሁ ቢያንስ 1.5 ሜትር መራቅ አለበት። አብዛኛው የዚህ ሀገር ሾፌር ይሄን ያከብራል፣ እንዲያውም ከኋላችሁ ቀስ ብሎ እየተከተለ መንገዱ እስኪከፈት ይጠብቃል። ግን ያላየውን ሰው ማንም በ1.5 ሜትር ሊርቀው አይችልም።

ቀጭን ጎማ፣ ድንጋይ እስኪሆን የተነፋ

ከከተማ የሚመጣ ሰው ጎማውን ይነፋል፣ ይነፋል፣ በጣቱ ይጫነዋል፣ አሁንም ይነፋል። እዚህ አፈሩ ሸክላ ነው። በዝናብ ያብጣል፣ በፀሐይ ይሰነጠቃል። አስፋልቱ ከላዩ ላይ ስለሆነ አብሮ ይነሳል፣ አብሮ ይሰነጠቃል። በተለይ በመንገዱ ጠርዝ በኩል ቁመቱን ተከትሎ የሚሄድ ስንጥቅ አለ። የ23 ሚሊ ሜትር ጎማ ልክ ይገባበታል። ገብቶ ደግሞ በፈለጋችሁበት ሰዓት አይወጣም።

28 ወይም 32 ሚሊ ሜትር ጎማ አድርጉ። 70 ኪሎ አካባቢ የምትመዝኑ ከሆነ 28ቱ በ5 ባር አካባቢ ይበቃዋል። ክብደታችሁ ከፍ ካለ ትንሽ ጨምሩ። ትርፍ ከመነዳሪ ሁለት ያዙ፣ አንድ አይበቃም፤ ምክንያቱን ከታች አነሳዋለሁ። መንፊያችሁ መሥራቱን ቤት ሳላችሁ ሞክሩ። ትናንሾቹ ከተሞች ውስጥ እሁድ ቀን ከመነዳሪ የሚሸጥ ሱቅ እናገኛለን ብላችሁ አትመኩ።

ስልኩ «ዙር» ሲል መዞር

ወይራ ማሳ መሃል ሁሉም ነገር አንድ ዓይነት ነው። ረድፍ፣ ረድፍ፣ ረድፍ። ምልክት የሚሆን ነገር የለም። ስለዚህ ሰው ስልኩን ያምናል። ስልኩ ደግሞ የትራክተር ፒስታን ከአስፋልት ለይቶ አያውቅም፤ ካርታው ላይ ሁለቱም ነጭ መስመር ናቸው። «በዚህ በኩል 6 ኪሎ ሜትር ይቀንሳል» ይላል። ይቀንሳል። ከዚያ አስፋልቱ ያልቅና ጠጠር ይሆናል፣ ጠጠሩ ያልቅና አፈር ይሆናል፣ አፈሩ ያልቅና አንድ ሰንሰለት የታሰረበት በር ታገኛላችሁ።

በደረቅ ወቅት ጉዳቱ አቧራና ጊዜ ነው። ከዝናብ በኋላ ግን ያ ሸክላ አፈር እንደ ሊጥ ነው። መጀመሪያ ጎማው ላይ ይለጠፋል። ከዚያ ጎማውና ፎርኬታው መሃል ይሞላል። ከዚያ ጎማው መዞር ያቆማል። መግፋትም አይቻልም፤ ብስክሌቱን ትሸከሙታላችሁ፣ ጫማችሁ ሥር ያለው ጭቃ ደግሞ በየእርምጃው ይወፍራል። አንዴ እንዲህ ተይዘው የቀሩ ሁለት እንግዶችን ፍለጋ ሄጄ ያገኘኋቸው ዛፍ ሥር ተቀምጠው በወይራ እንጨት ከማርሹ ላይ ጭቃ ሲፍቁ ነው። አንደኛዋ አልቅሳለች። ባሏ የስልኩን ካርታ አሁንም እያሳየኝ «መንገድ ነው የሚለው እኮ!» ይለኛል።

መስመሩን ከቤት አውጥታችሁ ኑ። እያንዳንዱን መገንጠያ በሳተላይት ፎቶ እዩት። አስፋልት መሆኑን ካላረጋገጣችሁ እንደሌለ ቁጠሩት። ኤ-92 የሚባለው ትልቁ ፈጣን መንገድ በዚሁ አካባቢ ነው የሚያልፈው። ከ14 ዓመት በላይ የሆነ ብስክሌተኛ የሚከለክል ምልክት ከሌለ በዚህ ዓይነቱ መንገድ ትከሻ ላይ መንዳት በሕግ ይችላል። በሕግ ይቻላል ማለት ግን ከጎናችሁ በ120 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ከሚያልፍ መኪና ጋር ቀኑን ማሳለፍ ደስ ይላል ማለት አይደለም።

በበጋ ከቀትር በኋላ «ውሃ መንገድ ላይ እናገኛለን»

አታገኙም።

በጁላይና ኦገስት ሙቀቱ 40 ዲግሪ ሊያልፍ ይችላል። የወይራ ዛፍ ጥላ ደግሞ ስም ብቻ ነው። ከሁለት ሰዓት ተኩል በኋላ (በነሱ አቆጣጠር፣ ከቀትር በኋላ ማለቴ ነው) ሱቁ ይዘጋል፣ መንገዱ ላይ ሰው አይታይም፣ ውሻው እንኳ ቀና ብሎ አያያችሁም። እስከ አምስት ሰዓት፣ አንዳንዴ እስከ ስድስት ሰዓት እንደዚያ ነው። የከተማው ሰው ሞኝ አይደለም። በዚያ ሰዓት ውጭ ያለው ብስክሌተኛ ነው ሞኙ።

ማለዳ ጀምሩ፣ ከቀትር በፊት ጨርሱ። ሁለት ትልልቅ ኮዳ ያዙ፣ አንዱ ውስጥ ጨው ያለበት መጠጥ ይሁን። ከተማ ውስጥ ስትገቡ ውሃ ባይጠማችሁም ኮዳችሁን ሙሉ። የመንገድ ዳር ምንጭ ላይ ከላዩ «ኖ ፖታብሌ» የሚል ጽሑፍ ካለ አትጠጡት። ራሳችሁ ላይ አፍሱት፣ ለሱ ይሆናል። አንድ ሰው ላብ ማቆሙን ካያችሁ፣ ወይም የተደበላለቀ ነገር መናገር ከጀመረ፣ «ትንሽ ነው የቀረው» አትበሉት። ጥላ ፈልጉ፣ ውሃ አፍሱበት፣ 112 ደውሉ።

ፍላሚንጎ

ሁሉም ሰው የሚመጣው ለነዚህ ረጅም እግር ሮዝ ወፎች ነው፣ አልፈርድም። ውሃ በበቃበት ዓመት በሺዎች የሚቆጠሩ ጥንዶች እዚህ ይራባሉ፤ በሜዲትራኒያን አካባቢ ካሉት ትልልቅ መራቢያዎች አንዱ ነው። ቦታው ከ1984 ጀምሮ የተጠበቀ ነው (እ.ኤ.አ. ማለቴ ነው)። ሐይቁ ብቻውን ስለማያጠግባቸው ጎልማሶቹ ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ እየበረሩ ሌላ ረግረግ ድረስ ሄደው በልተው ለጫጩቶቻቸው ይመለሳሉ። እኛ 80 ኪሎ ሜትር ነድተን ስንኩራራ ይሄን አስታውሳቸዋለሁ።

የመጀመሪያው ስህተት በኦገስት መጥቶ ሮዝ ሐይቅ መጠበቅ ነው። የምታዩት ነጭ የጨው ቅርፊት ነው። እሱም ያምራል፤ እስከ 20ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ድረስ ሰው ጨው ያወጣበት ነበር። ወፍ ከፈለጋችሁ ግን ከፌብሩዋሪ እስከ ጁን ኑ፣ ያውም ክረምቱ ዘንቦ ከሆነ። በድርቅ ዓመት ጨርሰው ላይራቡ ይችላሉ።

ሁለተኛው ግን ያናድደኛል። ሰው ብስክሌቱን አስፋልቱ መሃል አቁሞ ስልኩን ያወጣል። ኩርባ ላይ! ከኋላው ያለው አምስት ሰው ፍሬን ይይዛል፣ ከነሱ ኋላ ትራክተር አለ። ያ አልበቃ ብሎ አጥር ተሻግሮ ወደ ውሃው መሄድ የሚፈልግም አይጠፋም። ፍላሚንጎ ስትረበሽ ጎጆዋን ጥላ ትሄዳለች፣ አንዷ ከተነሳች ሌሎቹ ይከተላሉ። ለአንድ ደብዛዛ የስልክ ፎቶ ብላችሁ የአንድ ዓመት ጫጩት አታበላሹ። ከፉዌንቴ ዴ ፒዬድራ ከተማ አጠገብ ጉብታ ላይ የጎብኚዎች ማዕከል አለ። እዚያ ውጡ፣ ብስክሌታችሁን አስደግፉ፣ ሩቅ በሚያሳይ መነጽር እዩ። ከፎቶው የተሻለ ታያላችሁ።

በቡድን ሲሆኑ መንገዱን የገዙ ይመስል መንዳት

የስፔን ሕግ በቡድን የሚሄዱ ብስክሌተኞችን ለቅድሚያ ጉዳይ እንደ አንድ ተሽከርካሪ ይቆጥራል። የመጀመሪያው አደባባይ ውስጥ ከገባ የተቀሩት ተከትለው ይገባሉ፣ መኪናው ይጠብቃል። ሁለት ሁለት ሆኖ ጎን ለጎን መሄድም ይፈቀዳል። ጥሩ ሕግ ነው። አዲስ ሰው ይሄን በሰማ ማግስት ግን ዓይኑን ጨፍኖ አደባባይ ይገባል።

ቶን ሙሉ ወይራ የጫነ ተሳቢ ሕጉን ቢያውቅም ባለበት አይቆምም። ሾፌሩ ቢፈልግም አይችልም። ስለዚህ የመጨረሻዎቹ ሁለት ሦስት ሰዎች ቀና ብላችሁ የሾፌሩን ዓይን እዩ። ዓይኑን ካላገኛችሁት ቁሙ። ጠባብ መንገድ ላይ ትራክተር ከኋላችሁ ከተከተለ ደግሞ አንድ ረድፍ ሁኑና አሳልፉት። እጅ አንሱለት፣ እሱም ያነሳል። በሚቀጥለው ቀን ሌላ ብስክሌተኛ ሲያገኝ ደግ ይሆናል።

ትንንሾቹ

ወይራ ከዛፍ ቀጥፋችሁ አትብሉ። ሁሉም እንግዳ ይሞክራል፣ ሁሉም ይተፋል። መራራነቱ የሚጠፋው ለሳምንታት ውሃ ወይም ጨው ውስጥ ከቆየ ነው። ደግሞም የሰው ሀብት ነው። በለቀማ ወቅት የወይራ ስርቆት ስላለ ፖሊስ በየማሳው ይዞራል፤ ኪሳችሁን ሞልታችሁ ብትገኙ «ለመቅመስ ነው» ማለት ያስቸግራል።

ዛፍ ሥር የተነጠፈ መረብ ላይ አትርገጡ፣ ብስክሌትም አታሳርፉበት።

ከአስፋልቱ ወጥታችሁ ሣሩ ላይ ስትቆሙ ጎማችሁን እዩ። በበጋ መሬት ለመሬት የሚሳብ፣ ትንሽ ቢጫ አበባ ያለው ተክል አለ። ፍሬው በየአቅጣጫው እሾህ አለው፤ እንዴትም ቢወድቅ አንዱ እሾህ ወደ ላይ ይቆማል። ሁለት ከመነዳሪ ያልኳችሁ ለዚህ ነው፤ ብዙ ጊዜ ሁለቱም ጎማ አብረው ይተነፍሳሉ። ከመነዳሪ ስትቀይሩ ጎማውን ከውስጥ በጣታችሁ ዳብሱት፣ አለበለዚያ ያው እሾህ አዲሱንም ይወጋዋል።

በፌብሩዋሪና በማርች ደግሞ መግረዝ አለ። የተቆረጠ ቅርንጫፍ ከጭነት ላይ ይወድቃል። ጭስም ይኖራል።

የጆሮ ማዳመጫ አድርጎ መንዳት ያስቀጣል፣ 200 ዩሮ። ቅጣቱ ባይኖርም ትራክተር ከኋላ ሲመጣ መስማት አለባችሁ።

ፍየል ወይም በግ ካያችሁ ውሻ አለ። ትልቅ ነው፣ ሥራው ላይ ነው። ልታመልጡት አትሞክሩ። ቀስ በሉ፣ ካስፈለገ ውረዱና ብስክሌቱን በመሃል አድርጋችሁ እየተራመዳችሁ እለፉ። እረኛው ከሩቅ ይጠራዋል።

ሲመሽ ሐይቁ አጠገብ ትንኝ ይወጣል። ነጭ መስታወት ያለው መነጽር አድርጉ፣ አፋችሁን ዝጉ።

ቤት ገብቶ ብስክሌቱን እንደነበረ ማቆም

ደክሟችኋል፣ ይገባኛል። ግን ከዚህ መንገድ የመጣ ብስክሌት ላይ ያለው አቧራ ተራ አቧራ አይደለም። በበጋ ከደረቀው ሐይቅ የሚነሳው ጨው አለበት፣ በክረምት ደግሞ ጭቃና የወይራ ዘይት። ካቴናው ላይ ያለው ጨው ካደረ ዝገት ይጀምራል። በዝቅተኛ ግፊት ውሃና በትንሽ ሳሙና እጠቡት፣ በጨርቅ አድርቁት፣ ካቴናውን ቅቡት።

እዚህ ላይ ጠንቀቅ በሉ። ብዙ ሰው ካቴና የሚቀባው በስፕሬይ ነው። ስፕሬዩ ዲስኩ ላይ ይረጫል፣ በሚቀጥለው ቀን ፍሬኑ ይጮሃል፣ አይይዝም። «የወይራው ዘይት ነው» ይላሉ። አንዳንዴ እውነትም የወይራው ነው፤ ዘይት ያለበት ውሃ ከፊት ጎማ ተረጭቶ ዲስኩ ላይ ይደርሳል። ያም ሆነ ይህ ዲስኩን በአልኮልና በንጹሕ ጨርቅ ጥረጉት፤ ካቴና የጠረጋችሁበትን ጨርቅ እንዳትጠቀሙ። ከዚያ ባዶ መንገድ ላይ ከፍጥነት ወደ ዝግታ እየደጋገማችሁ ፍሬን ያዙ። ድምፁ ከጠፋና መያዝ ከጀመረ ጨርሳችኋል። ካልያዘ የፍሬን ሸራው ዘይት ጠጥቷል ማለት ነው። በብርጭቆ ወረቀት ስትፈትጉ፣ በእሳት ስታሞቁ ቀናችሁን አታጥፉ፤ አዲስ ሸራ ግዙ።